ክንድ ወይስ አውራ ጣት? በቪዲዮ ጨዋታ መቆጣጠሪያዎች ላይ የቀረበ ሙግት

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ «ዊ» የተባለውን የጨዋታ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ተጫዋቹ ቁልፍ በመጫን ፈንታ ክንዱን በማወዛወዝ እንዲጫወት ጋበዘው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ ቆይተዋል። አንደኛው ወገን የሰውነት እንቅስቃሴ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ባለ ቁልፍ መቆጣጠሪያ ጊዜው ያለፈበት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ የእንቅስቃሴ ቁጥጥር አላፊ ፋሽን እንደነበረ ይደመድማል። ሁለቱም ድምዳሜዎች ግን አንድ ጥያቄ ዘለዋል፤ ይኸውም እጅ ለመሣሪያው የሚያስተላልፈው መረጃ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው።

ቁልፍ የሚያስተላልፈው መልእክት አጭርና ግልጽ ነው፤ ተጭኗል ወይም አልተጫነም። ጣትም የቁልፉን መስመጥ ስለሚሰማው ትእዛዙ መድረሱን ያውቃል። እንቅስቃሴ ግን መተርጎም አለበት። የመጀመሪያው የዊ መቆጣጠሪያ የፍጥነት ለውጥን የሚለካ ሴንሰርና ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጡ የኢንፍራሬድ መብራቶችን የሚያይ ካሜራ ነበረው። ከእነዚህ ብቻ በመነሣት የክንድን ሙሉ አቅጣጫ በትክክል ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በብዙ ጨዋታዎች ሙሉ የክንድ ውርወራና ቀላል የእጅ አንጓ ንቅናቄ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጡ ነበር፤ ተጫዋቾችም ይህን ደርሰውበት ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው አንጓቸውን ብቻ ማወዛወዝ ጀመሩ። ተፈጥሯዊ የተባለው እንቅስቃሴ በተግባር ትክክለኛነት የጎደለው ቁልፍ ሆኖ ቀረ። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የመዞር ፍጥነትን የሚለካ ጋይሮስኮፕ ያለው ተጨማሪ ዕቃ ያወጣውም ጉድለቱን ለማረም ነው።

ማይክሮሶፍት ከዚህም ርቆ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ኪኔክት» በእጅ የሚያዝ ዕቃን ጨርሶ በማስቀረት ተጫዋቹን በካሜራ ይከታተል ነበር። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት 8 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኤክስቦክስ ዋን ጋር ተጣምሮ በ499 ዶላር ሲቀርብ ገበያው ቀዘቀዘበት፤ በዓመቱ መሣሪያው ያለ ኪኔክት በ399 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ምርቱ ቆመ። ይሁንና ያው ዕቃ ጥልቀትን በርካሽ ዋጋ ስለሚለካ በሮቦቲክስና በኮምፒውተር እይታ ቤተ ሙከራዎች ሰፊ አገልግሎት ሰጥቷል። ይህ የሚያመለክተው ችግሩ በመለኪያው ብቻ እንዳልነበረ ነው። በባዶ አየር ላይ የሚንቀሳቀስ እጅ የሚነካውም የሚገፋውም ነገር የለም፤ ትእዛዝ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚያሳውቀው ምልክትም የለም። የንድፍ ምሁሩ ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ2010 «ተፈጥሯዊ» የሚባሉት የኮምፒውተር መገናኛዎች ተፈጥሯዊ አይደሉም ሲል የተከራከረው በዚሁ አቅጣጫ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ቁልፍ አሸንፏል ማለት ግን ችኮላ ነው። ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። የዛሬ መደበኛ መቆጣጠሪያ ሁለት ዘንጎችና ከአሥር በላይ ቁልፎች አሉት፤ ለለመደው ሰው የሁለተኛ ተፈጥሮ ያህል የሆነው ይህ ዕቃ ላልለመደው ሰው ያልተማረው ፊደል ነው። ራኬት እንደሚወዛወዝ ግን ማንም ያውቃል። የእንቅስቃሴ ቁጥጥር ትልቁ ውለታ ይህን አጥር ዝቅ ማድረጉ ነው።

ፍሬያማ ሆኖ የዘለቀው መንገድ ሁለቱን ያጣመረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ስፕላቱን» ተጫዋቹ በዘንግ ሰፊ ዙር እንዲዞር፣ በእጁ ቀላል ንቅናቄ ደግሞ ዒላማውን እንዲያስተካክል ያስችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዘንግ የሚወስነው የመዞርን ፍጥነት ሲሆን፣ የእጅ መዞር ግን የመዞሩን መጠን በቀጥታ ይሰጣል። ለረጅም ዙር የመጀመሪያው፣ ለጥቃቅን እርማት ሁለተኛው ይመረጣል። እያንዳንዱ ሥራ ለሚስማማው የመረጃ ዓይነት ተሰጠ ማለት ነው።

የክርክሩ ክብደት ግን ከጨዋታ ጥራት ያልፋል። ክንዱን ማንሣት የማይችል ሰው በእንቅስቃሴ ብቻ ከሚሠራ ጨዋታ ውጭ ይቀራል፤ ጣቶቹ የማይታዘዙለት ሰው ደግሞ በቁልፍ ብቻ ከሚሠራው ይገለላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው «ስካይዋርድ ሶርድ» ሰይፍን በክንድ እንቅስቃሴ ብቻ ያሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ታድሶ ሲወጣ በቁልፍና በዘንግ የመጫወት ምርጫ ታከለበት። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2018 የአካል ጉዳት ያለባቸው ተጫዋቾች የሚስማሟቸውን መጫኛዎች የሚያገናኙበት መቆጣጠሪያ አቅርቧል። ሁለቱም እርምጃዎች አንድ መርሕ ያስተምራሉ፤ የቁጥጥር ስልት በአንድ ወገን ሲጫን ያገልላል፣ በምርጫ ሲቀርብ ግን ያካትታል።

በዘርፉ ለሚሠሩ ተመራማሪዎችም ከዚህ የሚከተል ግዴታ አለ። በአንድ አጭር ክፍለ ጊዜ የተጫዋቾችን አማካይ ደስታ የሚያነጻጽር ጥናት የአዲስነትን ስሜት ከስልቱ ጥቅም ሊለይ አይችልም። ድካም፣ የስሕተት ብዛትና የመልመድ ፍጥነት በሳምንታት ርዝመት መለካት አለባቸው። ከሁሉ በላይ፣ አማካይ ውጤት በጥናቱ መሳተፍ ያልቻለውን ሰው ፈጽሞ አያሳይም። ስለዚህ የትኛው መቆጣጠሪያ ይበልጣል ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ለየትኛው ሥራና ለማን እጅ የሚለው ነው።