ስለ ወተት ንጽሕና፤ ማፍላት ብቻውን ስለ አለመብቃቱ

የሕዝብ ጤና የሚጠበቀው በሐኪም ቤት ብቻ አይደለም፤ ከብት በሚታለብበት በረትም ጭምር ነው። ብዙ ሰዎች ወተት ከፈላ በኋላ ክፉው ሁሉ ከውስጡ የሚጠፋ ይመስላቸዋል። ማፍላት የሳንባ ነቀርሳንና የሌሎችንም በሽታዎች ተሐዋስያን ስለሚገድል ጥቅሙ የማይካድ ነው። ስታፊሎኮከስ ስለሚባለው ተሐዋሲ ግን ይህ እምነት ግማሽ እውነት ነው፤ በግማሽ እውነት መታመንም አደጋ አለው።

ይህን ተሐዋሲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880 የአበርዲን ከተማ ሐኪም የሆነው አሌክሳንደር ኦግስተን የእባጭ መግል በአጉሊ መነጽር ሲመረምር አገኘው። እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስቦ ስለ ታየውም በ1882 ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ ስታፊሎኮከስ ብሎ ሰየመው። ከዝርያዎቹ ሁሉ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ወርቃማው ነው። ይህም ከጤነኞች ሰዎች በሲሶው ያህል አፍንጫ ውስጥ ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል፤ የቆሰለ ገላ ሲያገኝ ግን ብጉንጅ ያወጣል። ወደ ደም የገባ እንደ ሆነም አጥንትን፥ ሳንባንና ልብን ያጠቃል፤ ለሞትም ያደርሳል። በላም ግት ሲገባ ደግሞ የግት በሽታ አምጥቶ ወተቷን ያሳንሳል።

በዚህ ተሐዋሲ የተበከለ ወተት ሳይቀዘቅዝ ሲቆይ ተሐዋስያኑ ይራባሉ፤ መርዝም ያፈልቃሉ። እሳት ተሐዋሲውን ይገድለዋል፤ መርዙ ግን በመፍላት አይጠፋም። ይህን ወተት የጠጣ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሆዱን ይቆርጠዋል፥ ያስመልሰዋልም። አብዛኛው ሰው በአንድ ቀን ቢሻለውም፥ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን እጅግ ያደክማል።

ለዚህም ሁለት ምስክሮች አሉ። በፊሊፒንስ ደሴቶች በአንድ እርሻ ወተት የጠጡ ሰዎች በተደጋጋሚ ይታመሙ ስለ ነበር፥ ባርበር የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነገሩን መርምሮ በ1914 ውጤቱን አሳተመ። ምክንያቱ በአንዲት ላም ግት ውስጥ የነበረ ስታፊሎኮከስ ነው፤ ላሚቱ ግን ለዐይን ጤነኛ ነበረች። ወተቱ እንደ ታለበ ሲጠጣ አልጎዳም፤ ለሰዓታት ሳይቀዘቅዝ ከቆየ በኋላ ግን አሳመመ፤ ባርበርም ራሱ ጠጥቶ ይህን አረጋገጠ። ሁለተኛው በጃፓን አገር በ2000 የደረሰው ነው። በሆካይዶ በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ ወተቱ ለሰዓታት ሙቀት ላይ ቆየ፤ በኋላም በእሳት ኃይል ተሐዋሲው ተገድሎ ወተቱ ዱቄት ሆነ። መርዙ ግን ስላልጠፋ በኦሳካና በአካባቢው ከ13,000 የሚበልጥ ሰው ታመመ።

እንግዲህ ቍጥጥርን በገበያና በሻይ ቤት ብቻ ማድረግ የዘገየ ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። ጥበቃው ከላሚቱ ግትና ከአላቢው እጅ መጀመር ይገባዋል። እጁ ላይ ብጉንጅ ወይም ቁስል ያለበት ሰው አይለብ። እጅና ግት ይታጠቡ፥ ይድረቁም። የመጀመሪያው ጭላፊ ለብቻው ታልቦ ይታይ፤ የረጋ ወይም መግል የመሰለ ነገር ቢገኝበት ያችን ላም በመጨረሻ ማለብና ወተቷን ለሰው አለመስጠት ያስፈልጋል። የወተት ዕቃን በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም በፈላ ውሃ የማጠብን ሥራ አይተካም። የታለበው ወተትም ሳይውል ሳያድር ወዲያው ይፍላ፤ ማቀዝቀዣ ባለበትም ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጥ።

ባላገሩ ውሃና ጊዜ የለውም የሚሉ አይጠፉም። ውሃ በሌለበት ስፍራ ንጽሕናን ማዘዝ በእርግጥ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ወተት በሚሰበሰብበት ቦታ አስቀድሞ ውሃ እንዲገኝ ማድረግ የሹሙ ፋንታ ነው፤ አላቢዎቹን ማስተማርና ዕቃውን ማሟላት ደግሞ የባለ ከብቱ ነው።

በመድኃኒት መታመንም ወሰን አለው። ፍሌሚንግ በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው ስታፊሎኮከስ ባበቀለበት ሳህን ላይ ነበር፤ ነገር ግን ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዝርያ ታየ። በ1961ም ሜቲሲሊን የተባለውን አዲስ መድኃኒት የሚቋቋም ዝርያ በእንግሊዝ አገር ተገኘ። ያለ ከብት ሐኪም ትእዛዝ ለላም መድኃኒት የሚሰጥና ሕክምናውን ከመንገድ የሚያቋርጥ ሰው ይህን ጠላት ያበረታዋል። የታከመች ላም ወተትም ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳይፈጸም ለገበያ መውጣት የለበትም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ በረት ላይ የሚፈስ አንድ ቅል ንጹሕ ውሃ ከታመመ በኋላ ከሚገዛ ብዙ መድኃኒት ይሻላል። ይህን የተረዳ አስተዳዳሪ የወረዳውን ሕፃናትም ከብቶችም በአንድነት ይጠብቃል።