ደብረ ታቦር፦ ችሎታው አለ፣ የጠፋው ክፍሉ ነው

ነሐሴ 13 ሲደርስ የደብረ ታቦር ልጆች ያለ ማንም አሰልጣኝ ቡድን ያቋቁማሉ። አንዱ አውራጅ ይሆናል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውራጁ የቤቱን ባለቤት አይቶ ግጥሙን እዚያው ደጃፍ ላይ ያስተካክላል። ለሚሰጥ ቤት የሚባለው ሌላ ነው፣ ለማይሰጥ ሌላ። ጅራፉንም ራሳቸው ገምደው ነው የሚያጮሁት። ማታ ሙልሙሉና ሳንቲሙ ይቆጠራል፣ ይከፋፈላል፤ እዚህ ላይ ጠብ አይጠፋም። ድምፅ፣ ግጥም፣ ምት፣ ቡድን መምራት፣ ሒሳብ መያዝ። የሥነ ጥበብ ትምህርት የሚባለው ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

በነጋታው ግን ሁሉም ይበተናል። እስከ ሌላ ቡሄ። እኛን ይሄን ትንታኔ ያስጻፈን ጥያቄ እዚህ ላይ ይጀምራል፦ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ወረዳዎች አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጅ ስዕል፣ ሙዚቃ ወይም ትያትር ልማር ቢል ወዴት ይሄዳል?

መልሱ «ትምህርት ቤት» መሆን ነበረበት። በወረቀት ደረጃ ነውም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክዋኔና የእይታ ጥበባትን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ አስገብቷል፣ መጽሐፍም ተዘጋጅቶለታል። ነገር ግን መጽሐፉ ስለ ከበሮና ስለ ቀለም እያወራ ክፍሉ ውስጥ ከበሮም ቀለምም ከሌለ ልጁ የሚማረው ትርጉም ማጥናት ብቻ ነው። «ክራር የስንት አውታር መሣሪያ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ክራር ሳይነካ ያልፋል።

ይሄም እንግዲህ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልሉ ያለበትን ሁሉም ያውቀዋል። በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል 7 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ይመዘገባል ተብሎ ታቅዶ ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ከትምህርት ውጭ እንደሆኑ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። የደቡብ ጎንደር ደጋ ከዚህ በፊትም በ2013 ክረምት ጦርነቱን በጋይንትና በጉና በኩል ቀምሷል። አሁን 10 ዓመት የሞላው ልጅ ከሚያስታውሰው ዕድሜው ግማሹን ያህል በተኩስ ወሬ ነው ያሳለፈው።

«ሰው እየሞተ ስለ ስዕልና ጭፈራ ታወራላችሁ?» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ የምንለው ግን እንዲህ ነው፦ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ወይ ከብት ይጠብቃል፣ ወይ ሊስትሮ ይይዛል፣ ወይ ወደ ከተማ ይሰደዳል፣ ሴት ከሆነች ትዳራለች፤ ጠመንጃም አለ። ሥዕል ጠመንጃን ያስቆማል አላልንም። በሳምንት 2 ቀን አንድ አዋቂ ስሙን ጠርቶ «ትናንት ለምን ቀረህ?» የሚለው ልጅ ግን ሲጠፋ የሚፈልገው ሰው አለው ማለት ነው።

ደግሞ ጥበብ ለዚህ ደጋ ከውጭ የሚመጣ ስጦታ አይደለም። ድጓ የተማረ ሰው ማስመስከር ሲፈልግ ከሸዋም ከወሎም ከትግራይም ተነስቶ የሚመጣው ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ካለ ደግሞ ዙር አምባ። የቅኔ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መቅረብ አለበት፤ የትናንቱን ዛሬ ቢደግም ጓደኞቹ ይስቁበታል። ይሄ ሥርዓት ለዘመናት የኖረው ያለ በጀት ነው። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፣ አኮፋዳውን ይዞ ለምኖ ይበላል፣ መምህሩ ክፍያ አይጠይቅም፣ የገፋው ጀማሪውን ያስቀጽላል። «ለደሃ ልጆች ነፃ የጥበብ ትምህርት» የሚለው ሐሳብ በፕሮጀክት ቋንቋ ሲጻፍ አዲስ ይመስላል እንጂ እዚህ አገር ሰው ያደገበት ነው።

በእርግጥ ያ በር ለሁሉም ክፍት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፣ በአብዛኛውም የወንድ ነው። ጎጃም እማሆይ ገላነሽን የመሰለች የቅኔ መምህርት አፍርታለች፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ በስም የምትጠራው ብርቅ ስለሆነች ነው። ማሲንቆ ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ሙያ ነው፤ «አዝማሪ» የሚለው ቃል አሁንም በአንዳንዱ አፍ ስድብ ነው። ሴቶቹ ከቡሄ ሦስት ሳምንት በኋላ ለእንቁጣጣሽ ተራቸው ይደርሳል፤ አበባየሆሽ ብለው ደጅ ለደጅ ይዞራሉ፣ ከዚያ እነሱም ይበተናሉ።

ታዲያ ሌላ ቦታ እንዴት ተሠራ? ሩቅ ሳንሄድ ደብረ ብርሃን አለች። ሰርከስ ደብረ ብርሃን በ1990 ገደማ ተመሥርቶ እስካሁን ይሠራል። የሚታወቀው በዘለላና በአክሮባት ብቻ ሳይሆን አካል ጉዳተኛ ልጆችን ከሌሎቹ ጋር አንድ መድረክ ላይ በማሠራት ነው። ደብረ ብርሃን እንደ ደብረ ታቦር ደጋ ናት፣ ብርዱም ያው ነው። ልዩነቱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ መሆኗ ነው፤ ጎብኚውም፣ ለጋሹም፣ ኤምባሲውም ውሎ ይመለሳል። ደብረ ታቦር ይሄ ዕድል የላትም። ባሕር ዳር ያለው ሙሉዓለም የባህል ማዕከል እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መንገዱ ዛሬ ክፍት ይሁን ዝግ ጠዋት ተነስቶ ለሚጠይቅ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ነጋሪ አያስፈልገውም።

የአዲስ አበባው አዱኛ ሌላ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር ሮይስተን ማልዱም ወደ 100 የሚጠጉ የጎዳና ልጆችን ይዞ «ካርሚና ቡራና»ን መድረክ ላይ አወጣ። ከዚያ በኋላ የተመረጡ ልጆች ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የተባለውን የዳንስ ቡድን አቆሙ። ከመካከላቸው ጁናይድ ጀማል በዓለም ከታወቀው ጃፓናዊ ሳቡሮ ተሺጋዋራ ሥር ለመሠልጠን በቅቷል። ማልዱም ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. በርሊን ሄዶ ከከተማዋ ዝነኛ ኦርኬስትራ ጋር 250 ያህል ተማሪዎችን አስጨፈረ። ጀርመን ፊልም ሠርታ ያደነቀችው አሠራር ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ላይ ተሞክሮ ነበር እኮ!

ጥቁሩን ገጽ መዝለል ግን አንችልም። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰ ቡድን ነበር። በ1998 አውስትራሊያ ለትርኢት የሄዱ አባላቱ ጥገኝነት ጠየቁ፣ በውጭ አገር ዜጋው መሥራች ላይም ልጆችን በጾታ የመበደል ውንጀላ አቀረቡ። እሱም ሥራውን ለቀቀ። ሰው ማዕከል ይከፈት ሲል ሕንፃና በጀት ይቆጥራል፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው ልጆቹን ማን ነው የሚጠብቃቸው የሚለውን ነው። ደሃ ልጅ፣ የሚወደው ነገር፣ ያንን ነገር የሚሰጠው ብቸኛ ሰው፣ ዝግ በር። እነዚህ አንድ ላይ ሲሆኑ «እሱ ጥሩ ሰው ነው» የሚል ምስክርነት አይበቃም። ሁለት አዋቂ ሁሌ አብሮ መኖር፣ ወላጅ ሳይጠራ መግባት መቻሉ፣ ልጁ አቤት የሚልበት ከማዕከሉ ውጭ የሆነ ሰው፤ ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም።

ገንዘቡስ? የውጭ እርዳታ ላይ ቤት መሥራት በ2017 ምን እንደሚያመጣ ታይቷል፤ ዩኤስኤይድ ሲቆም ብዙ ሥራ በሳምንታት ውስጥ ቆመ። ስለዚህ ደብረ ታቦር ላይ ትልቅ ሕንፃ ይገንባ የሚል ሐሳብ አያሳምነንም። የመሠረት ድንጋይ እንደሆነ በየከተማው ሞልቷል። በየቦታው የተሠሩት የወጣት ማዕከላትም ስንቶቹ ፑል ቤትና ቡና መሸጫ ሆነው እንደቀሩ አንባቢ ከየከተማው ሊነግረን ይችላል።

የሚያስፈልገው ክፍል ነው። ጣሪያ ያለው፣ ምክንያቱም በክረምት ከጉና በሚወርደው ብርድና ዝናብ ሜዳ ላይ ማሠልጠን የሁለት ወር ሥራ ነው፣ ከዚያ ልጁ ይታመማል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ ባዶ የሚውል አዳራሽ አያጣም። ማሲንቆ የሚያውቅ አባት ከተማው ውስጥ አለ፣ ለእሱ የቀን አበል እንጂ ዲግሪ መጠየቅ የለበትም። የሥዕል መምህር ከሌለ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ አለ፤ የሙስሊሙ ልጅም እንዲመጣ ደግሞ ትምህርቱ የሚሰጥበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መሆን የለበትም። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያሠራው የውጭ ባለሙያና የአገር ሰው አንድ እቶን ዳር አቁሞ ነው። ጋፋት ከከተማዋ አፍንጫ ሥር ናት፤ ታሪኩን ለጎብኚ ከመተረክ አልፎ ልጆች በእጃቸው የሚሠሩበት ቦታ ለማድረግ ያሰበ አካል ካለ ብናውቅ ደስ ይለናል።

የከተማዋ ባህልና ቱሪዝም በየዓመቱ ነሐሴ 13ን «በድምቀት ተከበረ» ብሎ ፎቶ ይለጥፋል። ዘንድሮ ፎቶው ላይ የሚታዩትን ልጆች ስምና ሰፈር ይመዝግብልን። 30 ልጅ፣ ግማሹ ሴት፣ አንድ አዳራሽ፣ ሁለት አሠልጣኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። መስከረም ላይ ተመልሰን እንጠይቃለን።