ይጮሃል እንጂ አይናገርም



ከደብረ ብርሃን ተነስተን ወደ ደሴ ስንጓዝ ደጋው አልቆ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት መኪናችን ጣርማ በር ላይ ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። ዋሻው በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ሾፌሩ ዋሻው ውስጥ ጡሩምባ ሲነፋ ድምፁ ከፊት ይሁን ከኋላ፣ ከላይ ይሁን ከጎን መለየት ያቅተናል። ድምፅ አለ፤ እንዲያውም በዝቷል፤ ዳሩ ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ባለፈው የክረምት ዕረፍት ታዲያ ይህንኑ ዋሻ ሳሎኑ ውስጥ ያስገባ አንድ ቤት ገጠመንና የዚህ ወር ጽሑፋችን በእርሱ ላይ እንዲሆን ወደድን።

ቤቱ ከጣርማ በር ወረድ ብላ በምትገኘው በደብረ ሲና ነው። ልጃቸው ከዐረብ አገር ሲመለስ ለአባቱ ብሎ ዙሪያ ድምፅ የሚሰጥ ዕቃ ይዞ መጣ። አምስት ስፒከሮች በክፍሉ ዙሪያ የሚቀመጡ፣ አንድ የቤዝ ሳጥን፣ አራት ደግሞ ኮርኒስ ውስጥ የሚገቡ ክብ ስፒከሮች ነበሩት። ባለሙያ ተጠርቶ ተገጠመ። አባወራው ገና ከበር ሲቀበሉን እንዲህ አሉን።

«ኡስታዝ፣ ልጄ ያመጣልኝ ዕቃ ይጮሃል እንጂ አይናገርም። ሙሐደራ ስከፍት ሰውዬው ሲናገር እሰማለሁ፤ ምን እንዳለ ግን ቃሉ ይጠፋኛል። ጨምሩልኝ ስላቸው ቤቱ ይንቀጠቀጣል።»

ባለቤታቸው ቡናውን እየቆሉ የራሳቸውን ጭንቀት ጨመሩበት። «ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ከወለደች ወዲህ ቡና ስጠራት መቅረት አብዝታለች። ሃያ ዓመት አብረን ጠጥተናል። ምን አስቀይሜያት ይሆን?»

ያን ጊዜ ሁለቱ ችግሮች አንድ መሆናቸውን አልጠረጠርንም ነበር።

በመጀመሪያ ሳሎኑን ተመለከትን። ቁመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2 ሜትር ከ60 ነው። ባለሙያው አራቱን የኮርኒስ ስፒከሮች በአራቱ ማዕዘን ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ብቻ አርቆ ገጥሟቸዋል። ለዓይን ያምራል። የፊተኞቹ ስፒከሮች ቡፌው አናት ላይ ተሰቅለዋል። የቤዙ ሳጥን በጎረቤት በኩል ካለው ግድግዳ ጥግ ተወትፏል። ቤተሰቡ ደግሞ እንደ ብዙዎቻችን የሚቀመጠው ወለል ላይ፣ ግድግዳውን ተከትሎ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነው።

ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። ስፒከር የሚገጠመው ለክፍሉ ሳይሆን ለጆሮ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጡት ሥዕሎች ሰው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ አድርገው ያስባሉ። ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ግን ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ስለዚህ የፊተኞቹ ስፒከሮች ወደዚያው ከፍታ መውረድ አለባቸው። ቡፌ አናት ላይ ከተሰቀሉ ከላይና ከፊት የሚመጣው ድምፅ ይደባለቅና የኮርኒሱ ስፒከር ትርጉም ያጣል።

የኮርኒሱን ስፒከር ለመገጠም የሚያስፈልገው መለኪያ አንድ ገመድ ብቻ ነው። ሰውዬው በሚቀመጥበት ቦታ ከጆሮው እስከ ኮርኒሱ ይለካል። በዚህ ቤት 1 ሜትር ከ80 ሆነ። አራት ስፒከር የሚገጠም ከሆነ ያንኑ ያህል ከራሱ ትይዩ ወደ ፊት፣ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ ተለክቶ ሁለት ሁለት ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን ድምፁ በ45 ዲግሪ ይወርዳል። ግራና ቀኙ ከፊተኞቹ ግራና ቀኝ ስፒከሮች ጋር በአንድ መስመር ይሆናል። ሁለት ብቻ ከሆኑ ደግሞ ከራስ ትይዩ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ይበቃል።

እንግዲህ አባወራው የሚቀመጡት የኋላውን ግድግዳ ተደግፈው ነው። ከኋላቸው 1 ሜትር ከ80 የት ይገኛል? ስለዚህ ለእርሳቸው ቤት አራቱ ስፒከሮች ሁለት በዝተዋል ማለት ነው። ብዙ ወንድሞች ዕቃው አራት ስላለው አራቱን ካልገጠሙ የከሰሩ ይመስላቸዋል። ቦታ የሌለው ስፒከር ግን ጥቅሙ ቀርቶ የሌሎቹንም ሥራ ያበላሻል።

ለምን? ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዲት ሜትር ለመሄድ 3 ሺኛ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። ሔልሙት ሐስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳሳየው፣ አንድ ድምፅ ከሁለት ስፒከር ጥቂት ተቀዳድሞ ሲደርሰን ጆሮአችን አቅጣጫውን የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው ነው። አባወራው ጆሮ አጠገብ ያለው የማዕዘን ስፒከር ሁልጊዜ ይቀድማል። በመሆኑም ተናጋሪው ፊት ለፊት ቴሌቪዥኑ ላይ እየታየ ድምፁ ከማጅራታቸው ይመጣል። ከዚያ ሩቆቹ ማዕዘኖችና ድንጋዩ ግድግዳ የመለሱት ተከታትሎ ይደርስና ዋሻው ይሟላል።

ድምፅ ማብዛቱ ደግሞ አይፈውሰውም። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ቀድሞ የሚደክምበት ቀጫጭኑን ድምፅ መስማት ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ የመሳሰሉት ፊደላት ይጠፉበታል፤ «ሰማ» ተብሎ ይሁን «ሸማ» አይለይም። ወፍራሙ ድምፅ ግን እንደ ድሮው ይሰማዋል። እንግዲህ ሪሞቱን ስንጨምርለት የሚጨምረው አስቀድሞም የሚሰማው ነው። መድኃኒቱ ማቅረብ ነው። በክፍት ቦታ ርቀት እጥፍ ሲሆን የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ከ4 ሜትር ወደ 2 ሜትር የቀረበ ስፒከር ቁልፍ ሳይነካ አራት እጥፍ ይደርሳል ማለት ነው። ግድግዳው ከሚመልሰው የማሚቶ ድምፅም ይልቃል።

ይህን እያሰብን ሳለ ባለቤታቸውን አስፈቅደን ወደ ጎረቤት ገባን። ልጁ ሳሎኑ ውስጥ ቂርኣት እንዲከፍት ነግረነው ነበር። አራስ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን ስንሰማ ድምፁ ከግድግዳው ሳይሆን ከራሳችን በላይ፣ ከኮርኒሱ ይወርድ ነበር! አንገታችንን ቀና አድርገን ስንመለከት ነገሩ ተገለጠልን። ሁለቱ ቤቶች አንድ የቆርቆሮ ክዳን ይጋራሉ። የሚለያቸው ግድግዳ ኮርኒሱ ድረስ ደርሶ ያቆማል፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ አንድ ነው። የኮርኒስ ስፒከር ደግሞ ጀርባው ክፍት ከሆነ ወደ ታች የሚሰጠውን ያህል ወደ ላይም ይሰጣል። የሳሎኑ ባለቤት ግማሹን ሲሰማ ግማሹ ወደ አራሷ ይሄድ ነበር።

«እትዬ፣ ስንት ጊዜ ሆነው?» አልናት።

«ከወለድኩ ጀምሮ ነው» አለችን፤ ሕፃኑን እያባበለች። «ሌሊት ሌሊት አልተኛልኝም። የእናንተ ጸሎት ስለሆነ ምን ብዬ ልናገር? ቀንሱ ብል ሃይማኖታችንን ጠላችብን ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ቡናው ላይ ስቀመጥ ከአፌ እንዳያመልጠኝ ብዬ ቀረሁ።»

ይህን ተመልሰን ስንነግራቸው አባወራው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም «እኔ ቃሉን ሳልሰማው እሷ እንቅልፏን አጣች» አሉ። ወላሂ፣ ከዚያ የበለጠ የምንጨምረው አልነበረንም። የጎረቤት ሐቅ ጎረቤቱ በሌላ እምነት ስለሆነ እንደማይቀንስ በመድረሳም በቤትም ስንማር ያደግነው ነው። በሱረቱ ሉቅማን ስለ ድምፅ ዝቅታ የተሰጠውን ምክርም ሁላችን እናውቀዋለን። በ2013 ዓ.ል. ግንቦት ወር የሳዑዲ ዐረቢያ የእስልምና ጉዳዮች ሚኒስቴር የመስጂዶች የውጭ ድምፅ ማጉያ ለአዛንና ለኢቃማ ብቻ እንዲሆን፣ መጠኑም ከሲሶ እንዳይበልጥ ያዘዘው በአካባቢው የሚኖሩ ሕሙማንን፣ አረጋውያንንና ሕፃናትን አስቦ ነበር። ለመስጂድ እንዲህ ከታሰበ ለሳሎናችን እንዴት አይታሰብ?

በማግስቱ አናጢ ተጠርቶ ሥራው ተጀመረ። አስቀድሞ ቆጣሪው ላይ መብራቱ ጠፋ። አራቱ የማዕዘን ስፒከሮች ወረዱና ቀዳዳዎቹ በኮምፔንሳቶ ተደፈኑ። ሁለቱ ብቻ በአዲሱ ቦታ ገቡ። ሲገቡም በቺፑዱ ላይ ሳይሆን ኮርኒሱን በተሸከመው እንጨት ላይ ታሰሩ። (ኮርኒሱ አቡጀዲ ለሆነበት ቤት ይህን ስፒከር ጨርሶ አንመክርም፤ አይሸከመውም።) በእያንዳንዱ ጀርባ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ሣጥን ተደፍቶ ውስጡ ሱፍ ተሞላ። የስፒከሩ ሽቦም ከመብራቱ ሽቦ ርቆ ተዘረጋ።

ሱፉ የአገራችን በረከት ነው። የመንዝ ባናና ዝተት፣ የደብረ ብርሃን ምንጣፍ ለብርድ ብቻ የተፈጠሩ ይመስለናል፤ ወፍራም ሱፍ ግን ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ማሚቶውን ይገድላል። በዚያ ቤት ከፍራሹ ኋላ ባለው ባዶ የድንጋይ ግድግዳ ላይ አንድ ባና ብንሰቅል ዋሻው በግማሽ የቀነሰ መሰለን። ድምፅን በሕንፃ መግራት አዲስ ነገር አይደለም። የዑስማንያው አርክቴክት ሲናን እ.ኤ.አ. በ1557 በተጠናቀቀው የኢስታንቡል ሱለይማኒያ መስጂድ ጉልላት ውስጥ የሸክላ ማሰሮዎችን የቀበረው የድምፁን ነገር አስቦ ነው። ሆኖም ሱፍ ቤዝን አያቆምም። ቤዝ ግድግዳ ሰርስሮ ያልፋል፤ ጥግ ሲቀመጥ ደግሞ ይበረታል። ስለዚህ ሳጥኑ ከጎረቤት ግድግዳ ተነስቶ ወደ መንገዱ ወገን ዞረ፤ መጠኑም ዝቅ አለ።

ፍራሹን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ብንጎትተው አባወራው «ግድግዳ ሳልደገፍ?» ብለው አጉረመረሙ። ሁለት ትልልቅ መከዳዎች ተደርድረውላቸው ተስማሙ። ጆሮ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ከግድግዳው የሚነጥረው ድምፅ ከዋናው ጋር ይጋጫል።

የቀረው የዕቃው አሠራር ነው። ከላይ ድምፅ የሚሰጠው ዶልቢ አትሞስ የተባለው ዘዴ በሲኒማ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በመኖሪያ ቤት በ2014 የመጣ ሲሆን የሚሠራው በዚያው ዘዴ ለተቀረጸ ፊልም ነው። ቂርኣትና ሙሐደራ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀረጹት በሁለት መስመር ወይም በአንድ ነው። በዚህ ላይ «አዳራሽ» የሚለውን ማስመሰያ መክፈት በማሚቶ ላይ ማሚቶ መጨመር ነው። ለንግግር ይህ ማስመሰያ ይዘጋ፤ የፊተኛው የመካከል ስፒከር ከሌሎቹ ጥቂት ከፍ ይበል። የእያንዳንዱ ስፒከር ርቀትም በሜትር ተለክቶ ዕቃው ውስጥ ይሞላ፤ ያኔ ዕቃው የቅርቡን አዘግይቶ ሁሉም እኩል እንዲደርሱ ያደርጋል። ብዙ እንግዳ ሲኖር ደግሞ አንድ ዓይነት ድምፅ በሁሉም ስፒከር መልቀቅ ይቻላል። በ90 ዲግሪ የሚዘረጋ አንድ የኮርኒስ ስፒከር በዚህ ቤት ከፍታ 3 ሜትር ከ60 ስፋት ያለውን ክብ ይሸፍናልና ሁለቱ ለሳሎኑ ይበቃሉ።

ማታ ላይ ያው ሙሐደራ ተከፈተ። አባወራው ሪሞቱን አንስተው እንደ ልማዳቸው ሊጨምሩ ሲሉ እጃቸው ቆመ። ቁጥሩ ከቀድሞው በጣም ያነሰ ነው። «ተናገረ!» አሉ። ልጁ ከአጠገባቸው ተነስቶ ወደ ጎረቤት ሮጠ፤ ተመልሶም «ሕፃኑ ተኝቷል» አለን። አል-ሐምዱ ሊላህ!

በማግስቱ ቡናው ሲፈላ አራሷ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። ስለ ስፒከሩ ማንም አንዳች አላነሳም።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዕቃውን ለመግዛት አቅሙ ያላችሁ በሐላል ተደሰቱበት። ነገር ግን ከመብሳታችሁ በፊት ገመዱን ያዙ፤ የሚሰማውን ሰው በቦታው አስቀምጡና ከጆሮው ለኩ። ከኮርኒሳችሁ በላይ ማን እንዳለ ተመልከቱ። ሥራው ሲያልቅም የመጨረሻውን ፍተሻ በራሳችሁ ሳሎን አታድርጉት፤ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ከእርሱ አልጋ አጠገብ ሆናችሁ ስሙ። ጎረቤት በይሉኝታ ዝም ሊል ይችላልና ሄዶ መጠየቁ የእኛ ድርሻ ነው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ኢንሻ አላህ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።