ሲስተሙም የሰፈር ነው፦ ለአራዳና ለፒያሳ ነዋሪዎች የቀረበ ጥሪ

«ሲስተም የለም።»

በወረዳ ጽሕፈት ቤቶቻችን መስኮት ላይ ከዚህ የበለጠ የተነገረ ዓረፍተ ነገር ያለ አይመስለኝም። መታወቂያ ሊያሳድስ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ፣ ያላገባ ማስረጃ ሊጠይቅ የሄደ ሁሉ ሰምቶታል። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከማለዳ ጀምሮ ወረፋ የያዙ እናት ተራቸው ሲደርስ፣ «እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ከሰዓት ይሞክሩ» ይባላሉ። እሳቸውም «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ይመለሳሉ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አልዋሸችም፤ እውነትም የለም። ግን የት ሄደ? በወር ስንት ጊዜ ይጠፋል? የሚጠፋው መብራት ሄዶ ነው፣ መስመር ተቋርጦ ነው ወይስ ፕሮግራሙ ራሱ ተበላሽቶ? የጥገናውን ውል የያዘው ማነው? ወረፋ ላይ ከቆምነው መካከል ይህን የሚጠይቅ የለም። ቧንቧ ሲፈነዳ፣ መንገድ ሲቆፈር የምንጮኸውን ያህል ለዚህ አንጮኽም። ኮምፒዩተሩ የመንግሥት፣ እኛ ደግሞ ባለጉዳይ ብቻ ነን ብለን ተቀምጠናል።

ይህ ጥሪ በቃን ለማለት ነው። በአራዳ ክፍለ ከተማ በእያንዳንዱ ወረዳ ነዋሪው ያለ ክፍያ የሚያገለግልበት የቴክኖሎጂ ኮሚቴ እናቋቁም። ሥራው ወረዳው የሚገዛውን፣ የሚዘረጋውንና የሚያበላሸውን ሲስተም በነዋሪው ዓይን ማየት፣ መምከር፣ ሲያስፈልግም መሞገት ነው።

«ኮሚቴ» ሲባል ፊታችሁ እንደሚጨማደድ አውቃለሁ። ፒያሳ ላይ ለዚያ በቂ ምክንያት አለ። ቀበሌን የወለደው የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ የከተማ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ የራሱን ጉዳይ እንዲያስተዳድር የሚል ሐሳብ ነበረው። ብዙም ሳይቆይ ግን ቀበሌው ጠመንጃ ታጠቀ፤ በቀይ ሽብር ዘመን ጽሕፈት ቤቱ እስር ቤት ሆነ፤ የኮሚቴ መዝገብም የሰው ስም የሚለቀምበት ነገር ሆነ። ከዚያ ወዲህ በመጣው ዘመንም ኮሚቴ ማለት ከላይ የወረደ ስም ዝርዝር ማለት ሆኖ ቆየ። እናቶቻችን «ኮሚቴ ውስጥ እንዳትገባ» ብለው ቢያሳድጉን አይፈረድባቸውም።

ሆኖም እዚያው ሰፈር፣ በዚያው ዘመን፣ ሌላም ኮሚቴ ነበረን። ዕድር። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ደመወዝ የለውም። መንግሥት ሲለዋወጥ አልፈረሰም። የታመነበት ምክንያት ደግሞ ምስጢር አይደለም፦ መዝገቡ በአባላት ፊት ይገለጣል፣ ያጎደለ ይጠየቃል፣ ያልወደዱት ሰብሳቢ ይወርዳል። የምንፈልገው የቴክኖሎጂ ኮሚቴ በዚህ ልክ የተሰፋ ነው። በወረዳው ካድሬ ተመርጦ የሚሰጠን ከሆነ ቢቀርብን ይሻላል።

ምን ይሠራል? ከትንሹ እንጀምር። ኮምፒዩተር ላይ ያለው ቅጽ የኛን ሰው አያውቀውም። «ፀሐይ» የተባለች ሴት በአንዱ ፋይል በፀሐዩ ፀ፣ በሌላው በጸሎቱ ጸ ተጽፋለች፤ የአባቷ ስም ደግሞ አንድ ጊዜ በብዙኃኑ ኀ፣ አንድ ጊዜ በሀሌታው ሀ። ለጎረቤቷ ያቺው ፀሐይ ናት፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ሴቶች ናቸው። ፓስፖርቷ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሲጨመር ሦስተኛዋ ትወለዳለች። ጳጉሜ 6 የተወለደ ልጅ አስራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ፕሮግራም ቢያጋጥመው በየትኛው ቀን ሊመዘገብ ነው? ዕድሜ ልኩን ሲያጥብና ሲፈጭ የኖረ እጅ አሻራው ሲፈዝ ማሽኑ «አላነበብኩም» ይላል። እነዚህን እንከኖች ውል ፈርሞ ሲስተም የሚያስረክብ ድርጅት ቢሮው ተቀምጦ አያገኛቸውም። ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ግን በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ በበኩሌ የኮሚቴው የመጀመሪያ ወንበር ለእነሱ ይገባል ባይ ነኝ።

የተበላሸ ሲስተም ምን እንደሚያመጣ በመጋቢት 2016 አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ሲሳሳት ቀድመው የደረሱበት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ባንኩ ያለ አግባብ የወጣውን ገንዘብ ለማስመለስ የባለዕዳዎችን ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ። የወረዳ መዝገብ ሲሳሳት ግን እንዲህ ያለ ጫጫታ አይኖርም፤ አንድ ሰው ብቻውን ይመላለሳል እንጂ።

ጉዳዩ ለኛ ለአራዳዎች የሚብስበት ሌላም ምክንያት አለ። በየካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት የኮሪደር ልማቱ መጣና ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች ተነሡ። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ዕድር ከዕድርተኛ ተለያየ። ቤት ሲፈርስ ሰው ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ ፋይሉ ግን መሸኛ ይጠብቃል። የቤት ቁጥር፣ የኪራይ ውል፣ የቤተሰብ ቅጽ፣ የልጆች ልደት በአሮጌው ወረዳ ካርቶን ውስጥ ቀርቶ ባለቤቱ ከከተማው ዳር ታክሲ እየቀያየረ ይመላለሳል። የትኛው ፋይል ስካን እንደተደረገ፣ የትኛው እንደጠፋ የሚከታተል የነዋሪ ዓይን ያስፈልጋል። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ የሰፈሩ ሰው መሆናችንን የሚመሰክርልን ያ ወረቀት ነውና።

መንግሥት በዚህ በኩል እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ይህን መካድ አይገባም። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በሚያዝያ 2017 ተጀምሯል። ከዚያ በፊትም በ1990ዎቹ ማብቂያ ወረዳዎችን በሳተላይት ያገናኛል የተባለ ወረዳኔት ነበረን፤ ስንቶቻችን እናስታውሰዋለን? ዕቃው ከላይ መጣ፣ ሥልጠናው ከላይ መጣ፣ ነዋሪው ግን ምን እንደሚያገኝበት እንኳ አልተጠየቀም። አሁንም ያንኑ እንዳንደግም እፈራለሁ።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ እኛ የተመዘገበውን የማየትና ስህተቱን የማሳረም መብት ሰጥቶናል። የመረጃ ነፃነት አዋጁ ቁጥር 590/2000 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ እንድንጠይቅ ይፈቅዳል። ኮሚቴው እነዚህን ሁለት አዋጆች በኪሱ ይዞ ይግባ። ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ፦ ማንኛውም የኮሚቴ አባል የማንም ሰው ፋይል ፊት አይቀመጥም፣ የይለፍ ቃል አይቀበልም። ሲስተሙን እናያለን፤ ሰዉን አናይም። የ1969ኙን የቀይ ሽብር ቀበሌ በኮምፒዩተር ልንመልሰው አይደለም የተነሣነው።

ሰው ከየት ይመጣል? አጠገባችሁ ተመልከቱ። ፒያሳ የሞባይልና የኮምፒዩተር ጠጋኝ አለው፤ የፎቶ ኮፒና የኅትመት ቤት አለው። አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማሩ ልጆች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ከቴሌ፣ ከባንክ ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ጠዋት ማኪያቶ ይዘው ስለ አገር ያወራሉ። በሐምሌ 2016 በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሰርተፍኬት ያገኙ ወጣቶች ሰርተፍኬቱን ስልካቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። በየክረምቱ የአረጋውያንን ቤት ለማደስ ቆርቆሮ የምንሸከም በጎ ፈቃደኞች ከሆንን፣ ለዚህ በሳምንት ጥቂት ሰዓት አናጣም።

የፈቃደኛ ሥራ ተራ ነገር የሚመስለው ካለ፣ ዛሬ በስልኩ የሚጽፍበትን ፊደል ያስብ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ስለተከራከሩለትና ስለለፉበት ነው። በማሳቹሴትስ ትንንሽ ከተሞች ነዋሪዎች ያለ ደመወዝ በከተማቸው የቴክኖሎጂ ኮሚቴ ያገለግላሉ። በታይዋን በ2020 እ.ኤ.አ. የኮሮና ጭምብል በየትኛው መድኃኒት ቤት እንዳለ የሚያሳየውን ካርታ መጀመሪያ የሠሩት በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ናቸው፤ መንግሥት መረጃውን ከፈተላቸው።

እንግዲህ ብዙ አንጠብቅ። የመጀመሪያው ሥራ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይፈልጋል፦ ሲስተም የጠፋበትን ቀንና ሰዓት፣ የተሰጠውን ምክንያት፣ ስንት ሰው እንደተመለሰ መመዝገብ። ለሦስት ወር የተያዘ እንዲህ ያለ መዝገብ ይዞ የገባን ኮሚቴ «ኔትወርክ ነው» ብሎ መመለስ ለማንም ይከብዳል።

በሚመጣው የዕድራችሁ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና ይህ ጉዳይ አጀንዳ ይሁን በሉ። አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ አንዲት የኮምፒዩተር ተማሪ፣ አንድ ጡረተኛ ባለሙያና ወረፋ ያንገፈገፋቸውን አንዲት እናት ምረጡ። ቃለ ጉባኤው ይፈረም፤ ደብዳቤው ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ይግባ። ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ተቀብላችሁ መያዝ አትርሱ።