ጂፒኤሱ ልጅቷን አያያትም

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የቡና ማሳ በስልክ ካርታ ላይ ስለተመዘገበ፣ ቡና ለቀማ ላይ ያለችው የ10 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ትገባለች እንዴ? "ዲጂታል" የሚል ቃል ስንሰማ እጃችን ለጭብጨባ ይቸኩላልና ነው የምጠይቀው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ፣ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ቢገፋም፣ ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ እንዲታወቅ ያዛል። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንዲት ነጥብ ትበቃለች። አብዛኛው የቡና ገበሬያችን እንግዲህ ነጥብ ሆነ ማለት ነው! የሕጉ ዋና ጥያቄ ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሯል ወይ የሚል ነው። የሠራተኛ መብትንም ይጠቅሳል፣ አልካድኩም። ነጥቧ ግን ልጅ አታሳይም።

"ታዲያ ልጅ የሚቆጥር መተግበሪያ እንሥራ" የሚል አይጠፋም። ወገን፣ የጎደለን ቆጠራ አይደለም! ቡና ሲደርስ የማን ወንበር ባዶ እንደሚሆን የመምህሩ የስም መጥሪያ ያውቀዋል። የቸኮሌት ኢንዱስትሪው እ.ኤ.አ. በ2001 በኮኮዋ እርሻ ላይ አስከፊውን የሕፃናት ሥራ ለማስቀረት ቃል ገብቶ ነበር። በ2020 የወጣ ጥናት በአይቮሪ ኮስትና በጋና የኮኮዋ ማሳዎች ላይ 1.56 ሚሊዮን ልጆች እንደሚሠሩ ገመተ። መቁጠርማ ተቆጠሩ!

ልጅቷን ማሳ ያዋላት የመረጃ እጥረት ሳይሆን የብር እጥረት ነው። አባቷ ለቃሚ ቢቀጥር ከእሸት ቡናው ዋጋ ምን ይተርፈዋል? የሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። በአባቷ ማሳ የምትለቅም ልጅ ግን ተቀጣሪ አይደለችም። ስልኩ ቢያጋልጣትስ? ገዥው ወደ "ንጹሕ" ማሳ ይሄዳል፣ ገበሬው ልጁን መደበቅ ይለምዳል።

ቴክኖሎጂው ይቅር አላልኩም። ስልኩን አዙሩት ነው የምለው። ማሳውን ለገዥው ካሳየ፣ ቡናው ወደ ውጭ ሲላክ ስንት እንደተሸጠ ደግሞ ለገበሬው ያሳይ። ክፍያው በቴሌብር በቀጥታ ይድረሰው። ለቃሚ የሚቀጥርበት ብድርም ለቀማው ሳይጀመር በዚያው ስልክ ይግባለት። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ባዶ ከሆነ አባትየውን እንወቅሳለን።

እስከዚያው ግን ካርታ ሲያሳዩአችሁ አታጨብጭቡ። የስም መጥሪያውን አምጡ በሏቸው።