ልጆቻችን የማን ገበያ ናቸው?



ውድ አንባቢያን! በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከብዙዎቻችን ቤት ገብቶ የተቀመጠ፣ ነገር ግን በቅጡ ያልመረመርነው ጉዳይ ነው። እናት ወጥ ሠርታ እስክትጨርስ ሕፃኑ እንዳያስቸግራት ስልኳን ትሰጠዋለች። አባትም ከሥራ ደክሞ ሲገባ እንዲሁ ያደርጋል። ልጁም ዩቲዩብ ከፍቶ ካርቱኑንም፣ ነሺዳውንም፣ የአሻንጉሊት ጨዋታውንም ያያል። ከኢንተርኔቱ ዋጋ በቀር ለዚህ ሁሉ ሂሳብ የጠየቀን የለም። ለመሆኑ ይህን ያህል ነገር ያለ ክፍያ የሚያቀርብልን ማን ነው? ወጪውንስ ማን ይሸፍንለታል?

ወጪውን የሚሸፍነው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። ዩቲዩብ የጎግል ንብረት ሲሆን፣ ጎግል ደግሞ አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነጋዴ ያለውን ዕቃ ለሰው ማሳወቅ አለበት። ጥያቄ የሚነሳው የማስታወቂያው ገንዘብ ድርጅቱ ራሱ ከገባው ቃል ጋር በተጋጨ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የትኛው ያሸንፋል? ሰውስ ሲቆጣ የማን ቁጣ ይሰማል? ይህን ከጎግል ታሪክ ብንመለከት ለወላጅም ለወጣትም ትምህርት ይገኝበታል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሥራቾቹ አስቀድመው ያወቁት

ጎግልን የመሠረቱት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በ1998 አሜሪካ በሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ስለ ኢንተርኔት መፈለጊያቸው አሠራር አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ አቅርበው ነበር። በዚያ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ በማስታወቂያ ገንዘብ የሚተዳደር መፈለጊያ ከጠያቂው ይልቅ ወደ ማስታወቂያ አስነጋሪው ማዘንበሉ እንደማይቀር አስገንዝበዋል። ምሳሌም ሰጥተዋል። በእነርሱ መፈለጊያ ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ የጠየቀ ሰው ከፊት የሚያገኘው፣ መኪና እየነዱ በስልክ መነጋገር የሾፌሩን ሐሳብ እንዴት እንደሚበትን የሚመረምር ጥናት ነበር። ከስልክ ሻጮች ገንዘብ የሚቀበል መፈለጊያ ግን እንዲህ ያለውን ጥናት ከፊት ማስቀመጡን ለከፋዮቹ ማስረዳት ይቸግረዋል ሲሉ ጻፉ።

ነገሩን በአገራችን ገበያ ብናየው ግልጽ ይሆናል። ከሻጭ ብቻ የሚበላ ደላላ ለገዢ ይቆረቆራል ብሎ የሚጠብቅ ማን ነው? ደላላው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ እንጀራው ያለው በሻጩ እጅ ስለ ሆነ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ያወቁት ይህንኑ ነበር።

ይሁንና ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ ጎግል ራሱ ማስታወቂያ መሸጥ ጀመረ። በ2004 አክሲዮኑን ለሕዝብ በሸጠ ጊዜ መሥራቾቹ ለባለ አክሲዮኖች በጻፉት ደብዳቤ «ክፉ አትሁን» የሚለውን መርሕ አሰፈሩ። ለዓለም መልካም የሚሠራ ድርጅት የአጭር ጊዜ ትርፍ ቢቀርበትም በረጅሙ ይጠቀማል አሉ። እውነቱን ለመናገር በዚያን ዘመን ማስታወቂያው ከፍለጋው ውጤት ተለይቶ የሚታይ፣ አጭርና ጨዋ ነበርና ብዙ ሰው አመናቸው።

ከዚያ በኋላ ግን ገንዘቡ እየበዛ ሄደ። ጎግል በ2006 ዩቲዩብን በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ያለው አክሲዮን ሰጥቶ ገዛ። በ2008 ደግሞ ደብልክሊክ የተባለውን፣ ሰው ከገጽ ወደ ገጽ ሲዘዋወር እየተከታተለ ማስታወቂያ የሚያሳይ ኩባንያ በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለ። በ2011 ደግሞ በካናዳ ያሉ የኢንተርኔት መድኃኒት ሻጮች በሕገ ወጥ መንገድ ለአሜሪካውያን እንዲያስተዋውቁ በመፍቀዱ ለአሜሪካ መንግሥት 500 ሚሊዮን ዶላር ለማስረከብ ተስማማ። የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር እንዳለው ድርጅቱ ነገሩን ከ2003 ጀምሮ ያውቅ ነበር። «ክፉ አትሁን» የሚለው ቃል በግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ የገንዘብ ሣጥኑ ግን በሌላ ቋንቋ ይናገር ጀመር።

ከፋዮቹ ሲቆጡ

ውድ አንባቢያን! አሁን ወደ ሰው ቁጣ እንለፍ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ዘ ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ፣ የታላላቅ ድርጅቶች ማስታወቂያ ጥላቻና ሽብር በሚሰብኩ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ላይ እየታየ መሆኑን አጋለጠ። ከማስታወቂያው ገንዘብ ለቪዲዮው ባለቤት ድርሻ የሚከፈል በመሆኑ፣ የነጋዴው ገንዘብ ለጥላቻ ሰባኪው ኪስ ይደርስ ነበር ማለት ነው። በመጋቢት ወር የእንግሊዝ መንግሥትና ጋርዲያን ጋዜጣ ማስታወቂያቸውን አነሱ። በአሜሪካም ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቬራይዘንና ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ተከተሉ።

የጎግል ባለሥልጣናት ይቅርታ የጠየቁት በቀናት ውስጥ ነው። አዳዲስ ደንቦች ወጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ልጆች በሚወዷቸው የካርቱን ገጸ ባሕርያት ስም የተሠሩ፣ ነገር ግን በውስጣቸው አስፈሪና ጭካኔ የተሞላባቸው ቪዲዮዎች በብዛት መገኘታቸው በጋዜጦች ተጻፈ፤ በዚያው ወርም አስነጋሪዎች ዳግመኛ ማስታወቂያቸውን አነሱ። ዩቲዩብም በቀጣዩ ዓመት ቪዲዮዎችን የሚመረምሩ ሠራተኞች ከ10 ሺህ በላይ እንዲሆኑ እንደሚደረግ አስታወቀ። በየካቲት 2019 በሕፃናት ቪዲዮዎች ሥር ነውረኛ ሰዎች የሚጽፉት አስተያየት ይፋ ሲወጣም ኔስሌና ዲስኒ ማስታወቂያቸውን ወዲያው አቋረጡ፤ በዚያው ወር ዩቲዩብ ሕፃናት በሚታዩባቸው አብዛኞቹ ቪዲዮዎች ሥር አስተያየት መጻፍን ዘጋ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ድርጅቱ መስማት አልተሳነውም። የከፋዩን ድምፅ ሲሆን በደንብ ይሰማል።

በአንድ ራስ ሁለት ምላስ

የወላጆች ቁጣስ? በአሜሪካ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን የሚከለክል ሕግ በ1998 ወጥቷል። ዩቲዩብ ግን በሕፃናት ቪዲዮዎች ላይ ጭምር ተመልካቹን በመለያ ቁጥር እየተከታተለ፣ ምን እንደሚወድ እየመዘገበ፣ ለዚያ ልጅ የሚስማማውን ማስታወቂያ ያሳይ ነበር። በሚያዝያ 2018 ከ20 የሚበልጡ ለሕፃናትና ለሸማቾች የሚሟገቱ ማኅበራት ማስረጃቸውን አሰባስበው ለአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቤት አሉ።

ኮሚሽኑ ባቀረበው ክስ ውስጥ የሰፈረው ነገር የሚያስገርም ነው። ድርጅቱ ባርቢ የተባለችውን አሻንጉሊት ለሚሠራው ለማቴል፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆችን በማግኘት ከታወቁት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሁሉ ቀዳሚው ዩቲዩብ መሆኑን ይነግረው ነበር። ለሌላው አሻንጉሊት ሠሪ ለሃስብሮም ልጆች አዘውትረው የሚጎበኙት አንደኛ ገጽ እኛ ነን ብሏል። ስለ ሕጉ ለጠየቀው አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ግን ዩቲዩብ ላይ ከ13 ዓመት በታች ተጠቃሚ የለም፤ ሕጉም አይመለከተንም የሚል መልስ ሰጠ! ይህን አበው በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ይሉታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙበትንና ሻጩን የገሠጹበትን ታሪክ ልጆቻችን በመድረሳ ይማሩታል። ለገዢ ደረቁን እያሳዩ እርጥቡን ከሥር መደበቅ ከዘመኑ ጋር መልኩን ቢለውጥም ያው አንድ ነገር ነው።

በመስከረም 2019 ጎግልና ዩቲዩብ ክሱን በስምምነት ለመዝጋት 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ከዚህ ውስጥ 136 ሚሊዮኑ ለፌዴራሉ ኮሚሽን፣ 34 ሚሊዮኑ ለኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ነው። ገንዘቡ ሲሰማ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ብቻ ያገኘው ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ለ365 ቀናት ብናካፍለው ቅጣቱ የአራት ቀን ገቢ ያህል ሆኖ እናገኘዋለን። ከአምስቱ የኮሚሽኑ አባላት ሁለቱ ስምምነቱን ተቃውመው ድምፅ የሰጡትም ቅጣቱ አይበቃም በማለት ነበር።

ሆኖም አቤቱታው ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። ከጥር 2020 ጀምሮ ለልጆች ተዘጋጅተዋል በተባሉ ቪዲዮዎች ላይ ተመልካቹን ተከታትሎ ማስታወቂያ ማሳየት ቀረ፤ አስተያየት መጻፍም ተዘጋ። ይህም በአሜሪካ ብቻ ሳይሆን በሌሎች አገሮችም የሚሠራ ሆነ። በአዲስ አበባም ሆነ በጅማ፣ በሪያድም ሆነ በዋሽንግተን የሚኖር ልጃችን ከዚህ ተጠቃሚ ነው። ግን ልዩነቱን እናስተውል። ከፋዮቹ ሲቆጡ ይቅርታው በቀናት መጣ፤ የሕፃናት ጠበቆች አቤት ባሉ ጊዜ ለውጡ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ወሰደ። «ክፉ አትሁን» የሚለው መርሕስ የት ደረሰ? በ2018 ከሥነ ምግባር ደንቡ መግቢያ ላይ ተነሥቶ በመጨረሻው መስመር ብቻ ቀረ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንዳንድ ሰው «እኛ ያልከፈልንበትን ነገር እንዴት ብለን እንከሳለን?» ይል ይሆናል። ይህ አባባል ስሕተት ነው። የልጃችንን ሰዓትና ዓይን ሰጥተናል፤ የሚሸጠውም እርሱ ነው። ስለዚህ ጥቂት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ልጁ የሚያየውን ወላጅ መርጦ ይስጠው። ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያስከትለውን ማጫወቻ ማጥፋት ይቻላል። ልጁ ያዘዝነውን አይቶ ሲጨርስ ስልኩ ዝም ይበል። ሌላውን የሚመርጠው ወላጁ እንጂ ማሽኑ አይሁን። ከተቻለም አብረነው እንይ።

ሁለተኛ፣ ቪዲዮ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች! የሕፃናት ነሺዳ፣ የፊደል ትምህርት፣ የቁርኣን ንባብ ለልጆች የምታዘጋጁ ዛሬ ብዙ ናችሁ። አዲሱ ጥበቃ የሚሠራው ባለቤቱ ቪዲዮውን ሲጭን «ለልጆች የተዘጋጀ» ብሎ ሲመዘግበው ነው። ምንም እንኳ ድርጅቱ በራሱ ማሽን የሚለይበት መንገድ ቢኖረውም የመጀመሪያው ኃላፊነት የጫኚው ነው። እንዲህ ሲመዘገብ የማስታወቂያው ገቢ ሊቀንስ ይችላል። ለዚያ ሲሉ የልጆችን ሥራ የአዋቂ ነው ብሎ ማስመዝገብ ግን የነቀፍነውን ድርጅት መንገድ በትንሹ መከተል ነው። የሰውን ሚዛን የምንመረምር ሰዎች የራሳችንንም እንመርምር።

ሦስተኛ፣ ከአንባቢዎቻችን መካከል ማስታወቂያ የምታስነግሩ ነጋዴዎች አላችሁ። እንዳየነው ፈጥኖ የሚሰማው የእናንተ ድምፅ ነው። ማስታወቂያችሁ በምን ዓይነት ቪዲዮ ላይ እንደሚወጣ ጠይቁ፤ የማይገባ ቦታ ካያችሁት ገንዘባችሁን አንሡ።

አራተኛ፣ መጥፎ ነገር ስናይ በቡና ላይ አንሥተን አንተወው። የቪዲዮውን ስም፣ ቀኑንና ያየነውን ነገር ጽፈን እንያዝ፤ እዚያው ዩቲዩብ ላይ ባለው የጥቆማ መንገድ እናመልክት። በትምህርት ቤት ባለው የወላጆች ኮሚቴም እናንሣው፤ እኛ መምህራንም በክፍል ውስጥ «ይህ ለምን በነፃ ተሰጠ?» ብሎ መጠየቅን ተማሪዎቻችንን እናስለምዳቸው። እነዚያ ከ20 የሚበልጡ ማኅበራት ያሸነፉት በጩኸት ብዛት ሳይሆን ማስረጃቸውን ይዘው በአንድነት በመቆማቸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

ውድ አንባቢያን! መልካም መርሕ መጻፍ ቀላል ነው፤ ጎግልም ጽፎት ነበር። መርሑ ሲጣስ ግን የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልጋል። የልጆቻችንን ነገር ለማስታወስ ከእኛ የቀረበ የለም። አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። በሚቀጥለው ወር ኢንሻ አላህ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።