የንብረት ታክስ በአነስተኛ ከተሞች፤ ከታክሱ መጣኔ ይልቅ የግምቱ ትክክለኛነት ትኩረት ይሻል

በኦሮሚያ ክልል ምሥራቅ ሸዋ ዞን የምትገኘው ባቱ ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ በሐይቅ ዳርቻ የተቆረቆረች ናት። የቀድሞ መጠሪያዋ ዝዋይ ሲሆን ሐይቁም በዚሁ ስምና ደምበል በሚለው መጠሪያው ይታወቃል። የዓሣ አስጋሪዎችና የመንገደኞች ማረፊያ ሆና የኖረችው ይህች ከተማ፣ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ በዙሪያዋ በተስፋፉት የአበባ እርሻዎችና በወይን ተክል ልማት፣ ከዚያም ከሞጆ ተነስቶ በመቂ በኩል በደረሳት የፍጥነት መንገድ ምክንያት የመሬትና የቤት ፈላጊው የሚበዛባት ሆናለች።

በእንዲህ ዓይነቷ ከተማ "አንድ ቤት ስንት ያወጣል?" የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የሻጭ፣ የገዢና የደላላ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። የንብረት ታክስ ሥርዓት ሲዘረጋ ግን ጥያቄው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ የሚመልሰው፣ በመልሱም የሚጠየቅበት ይሆናል። ለውጡ ቀላል አይደለም። በተለይም የባለሙያና የመረጃ እጥረት ላለባቸው አነስተኛ ከተሞች ዋነኛው ፈተና ከዚህ የሚመነጭ ነው።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 99፣ በሕገ መንግሥቱ ተለይተው ያልተሰጡ ታክስና ግብር የመጣል ሥልጣኖችን በተመለከተ የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደሚወስኑ ይደነግጋል። ሁለቱ ምክር ቤቶች በዚህ መሠረት በ2015 ዓ.ም ባሳለፉት ውሳኔ የንብረት ታክስን የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን ለክልሎች ሰጥተዋል። ይህን ተከትሎም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር ወር 2017 ዓ.ም የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017ን አጽድቋል። አዋጁ ለአገሪቱ የጋራ ማዕቀፍ በማበጀት፣ ዝርዝር አፈጻጸሙን ለክልሎችና ለከተማ አስተዳደሮች ትቷል።

ታክሱ የሚያርፈው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው የመሬት የመጠቀም መብት ሲሆን ሁለተኛው በመሬቱ ላይ የተገነባው ቤትና ሌላው ማሻሻያ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ዜጋው የሚከፍለው ስለ መሬቱ ባለቤትነት ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀም መብቱ ስላለው ዋጋ ነው። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ሲታይ የቃላት ብቻ ሊመስል ይችላል። በሐይቅ ዳርቻ ከተማ ግን የግምቱ ቁልፍ ነገር እዚህ ላይ ይገኛል።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ነባሩ ሥርዓት መመለስ ይጠቅማል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ም ከወጣ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብርን ሥርዓት አስይዟል። በተለምዶ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚባለው የቤት ግብር፣ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ሊያስገኝ ይችላል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ላይ የተመሠረተ ነበር። የቦታ ኪራዩም በካሬ ሜትርና በቦታ ደረጃ ይሰላ ነበር።

ይሁንና በበርካታ ከተሞች ግምቱም ሆነ ታሪፉ ለረጅም ዓመታት ሳይከለስ ቆይቷል። አዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ስሌቷን በ2015 ዓ.ም ስትከልስ ከነዋሪዎች የተነሣው ቅሬታ፣ ለዓመታት ተኝቶ የቆየ ግምት በአንድ ጊዜ ሲነሣ ምን ያህል እንደሚከብድ አሳይቷል። ክለሳው በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ቢካሄድ ኖሮ ጭማሪውም ሆነ ቅሬታው በዚያ ልክ ባልገዘፈ ነበር ማለት ይቻላል።

በሐይቅ ዳርቻ ከተማ ደግሞ ችግሩ ሌላ ገጽታ አለው። በጭቃና በእንጨት የተሠራ አሮጌ ቤት ከውኃው ፊት ለፊት ሊቆም፣ በብሎኬት የተገነባ ዘመናዊ መኖሪያ ደግሞ ከአውራ ጎዳናው ባሻገር ሊገኝ ይችላል። ግድግዳና ጣሪያን የሚቆጥር ገማች ሁለተኛውን ያስበልጣል። ገዢና ሻጭ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ያስበልጣሉ። ገዢው የሚከፍለው ለቤቱ ሳይሆን ቤቱ ላረፈበት ሥፍራ፣ ለሆቴልና ለመዝናኛ ለሚመቸው እይታና ለውኃው ቅርበት ነው። የመጠቀም መብቱን ከሕንፃው ለይቶ መገመት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሥፍራውን መገመት ግን በራሱ አስቸጋሪ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቢሆንም ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ እንኳ ከዘጠኝ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከመቂና ከቀጣር ወንዞች የሚያገኘውን ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይለቃል፤ ለመስኖና ለመጠጥም ይቀዳል። ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ የውኃው ከፍታ በጥቂቱ ሲለዋወጥ የዳርቻው መስመር በብዙ ሜትር ይርቃል ወይም ይቀርባል። በግንቦት የተለካ "ከሐይቁ ያለው ርቀት" ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረም ከሚለካው ጋር ላይገጥም ይችላል። በመሆኑም የዳርቻው ወሰን በሐይቁ ወቅታዊ ከፍታ ሳይሆን በካርታ በተወሰነ ቋሚ መስመር ካልተያዘ፣ ሁለት ጎረቤታሞች በተለያየ ወር ስለተለኩ ብቻ የተለያየ ታክስ ሊጣልባቸው ነው።

ከዚህም ጋር የዳርቻ መከለያ ጉዳይ ይነሣል። ለሐይቁ ደኅንነት ሲባል ግንባታ በተከለከለበት ክልል ውስጥ ያለ ይዞታ፣ እይታው ያማረ ቢሆንም ባለይዞታው ሊያለማው አይችልም። ሊሠራበት የማይፈቀድን ቦታ ሆቴል እንደሚሠራበት ቦታ መገመት፣ አንድ መሥሪያ ቤት የከለከለውን መብት ሌላው መሥሪያ ቤት ታክስ እንዲከፈልበት ማድረግ ይሆናል። የከተማ ፕላን፣ የአካባቢ ጥበቃና የገቢዎች ባለሙያዎች አንድ ካርታ ይዘው መሥራት ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የዋጋ መረጃው ምንጭም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ገማቾች በተለምዶ የሚመለከቷቸው ምንጮች ሦስት ናቸው፤ የተመዘገበ የሽያጭ ውል፣ የሊዝ ጨረታ ውጤትና ባንኮች ለብድር ዋስትና የሚያሠሩት ግምት። በሽያጭ ውል ላይ የሚሰፍረው ዋጋ ክፍያን ለመቀነስ ሲባል ዝቅ ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል። የሊዝ ጨረታ ደግሞ በተቃራኒው የተጫራቾች ፉክክር የሚያንረው፣ በባዶ ቦታ ላይ የሚሰጥና ከነባር ይዞታ ሁኔታ ጋር የማይመሳሰል ዋጋ ነው። በዓመት ጥቂት ሽያጭ ብቻ በሚካሄድባት አነስተኛ ከተማ አንድ ከፍተኛ የጨረታ ዋጋ የመላውን ሠፈር ግምት ይዞ ሊነሣ ይችላል።

የዚህን ክብደት በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ለአብነት ያህል፣ ታክስ የሚከፈልበት ትክክለኛ ዋጋው ሁለት ሚሊዮን ብር የሆነ የዳርቻ ይዞታ አለ እንበል። ታክሱ ግማሽ በመቶ ቢሆን ባለይዞታው በዓመት 10 ሺህ ብር ይከፍላል። ምክር ቤቱ የነዋሪውን አቅም አይቶ መጣኔውን ወደ 0 ነጥብ 4 በመቶ ቢያወርደው ክፍያው 8 ሺህ ብር ይሆናል። ነገር ግን ገማቹ የአንድን ጨረታ ውጤት ተከትሎ ዋጋውን አራት ሚሊዮን ብር ቢያደርሰው፣ መጣኔው ከቀነሰ በኋላም ቢሆን ክፍያው 16 ሺህ ብር ነው። በምክር ቤት ብዙ ውይይት የተደረገበት ቅናሽ በአንድ የግምት ቅጽ ተሽሮ፣ ክፍያው ጭራሽ ከመጀመሪያው በላይ ሆነ ማለት ነው።

ባለይዞታው በወር አራት ሺህ ብር የሚያገኝ ጡረተኛ ከሆነ፣ በትክክለኛው ግምት የሁለት ወር አበሉን፣ በተሳሳተው ደግሞ የአራት ወር አበሉን ለታክስ ያውላል። ቤቱ በእርግጥ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ጡረተኛው ቤቱን ሸጦ እስካልወጣ ድረስ ያ ዋጋ እጁ አይገባም። በሐይቅ ዳርቻ ከተሞች የቀደሙት ነዋሪዎች፣ ዓሣ አስጋሪዎችና አዛውንቶች ምርጥ በሆነው ሥፍራ ላይ ዝቅተኛ ገቢ ይዘው የሚኖሩበት ሁኔታ የተለመደ ነው። ትክክለኛ ግምት እንኳ ለእነዚህ ወገኖች ሊከብድ ስለሚችል፣ ክፍያው ቤቱ እስኪሸጥ ወይም በውርስ እስኪተላለፍ የሚዘገይበት አሠራር ሊታሰብበት የሚገባ አማራጭ ነው። እንዲህ ያለው አሠራር ከተማዋ ገቢዋን ሳታጣ ነዋሪው ከሠፈሩ እንዳይፈናቀል ይረዳል።

ይህ ሲባል ታክሱ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የዳርቻው ቦታ ዋጋ የናረው በባለይዞታው ድካም ብቻ አይደለም፤ በመንግሥት ወጪ በተሠራው መንገድ፣ በተዘረጋው መብራትና ውኃ ጭምር ነው። ከተማዋ ከዚህ የዋጋ ዕድገት ድርሻዋን ካላገኘች ተጨማሪ የውኃ መስመር ለመዘርጋትና ደረቅና ፍሳሽ ቆሻሻን ለማስወገድ የሚያስችላትን ገቢ ታጣለች። ቆሻሻው ደግሞ መጨረሻው ያው ሐይቅ ነው። ሐይቁ ሲበከል የዳርቻው ቦታም ዋጋውን ያጣል፤ ጉዳቱ ባለሀብቱንም ዓሣ አስጋሪውንም እኩል ይነካል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ አነስተኛ አቅም ላላቸው ከተሞች ትምህርት ይሰጣል። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን እ.ኤ.አ. በ2020 ተግባራዊ ባደረገችው ማሻሻያ፣ እያንዳንዱን ቤት በተናጠል በባለሙያ ከማስገመት ይልቅ የቤቱን ስፋት በሳተላይት ምስል ለክታ፣ ከውጭ ለሚታዩ መለያዎቹና ለአካባቢው ነጥብ በመስጠት የምትገምትበትን ዘዴ ተከትላለች። የዘዴው ጥቅም ባለቤቱ ነጥቡን ራሱ ቆጥሮ ማረጋገጥ መቻሉ ነው። በሌላ በኩል በእንግሊዝ የመኖሪያ ቤቶች የምክር ቤት ታክስ እስከ ዛሬ የሚሰላው እ.ኤ.አ. በ1991 በነበረው የቤት ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነው። የዳበረ አስተዳደር ያላት አገር እንኳ ክለሳን አንድ ጊዜ ካዘገየች በኋላ መመለስ እንደሚከብዳት ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ከዚህ አንፃር አነስተኛ ከተሞች ሥራውን በቅደም ተከተል ቢያከናውኑ ይበጃል። የመጀመሪያው እርምጃ ምዝገባ ነው። በ2006 ዓ.ም የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የካዳስተር ሥራን ሕጋዊ መሠረት አስይዟል። ያልተመዘገበ ይዞታ ሳይከፍል የተመዘገበው ብቻ የሚከፍል ከሆነ፣ ታክሱ በሕግ አክባሪነት ላይ የተጣለ ቅጣት ይመስላል።

ሁለተኛው የግምቱ ግልጽነት ነው። ለባለይዞታው የሚደርሰው ማስታወቂያ የመጨረሻውን ድምር ብቻ መያዝ የለበትም። የቦታው ስፋት፣ የቦታው ደረጃ፣ የሕንፃው ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ የተሰጠው ዋጋና ስሌቱ በግልጽ ሊሰፍርበት ይገባል። የየሠፈሩ ዋጋም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ ማንኛውም ነዋሪ የራሱን ከጎረቤቱ ጋር ማስተያየት ይችላል። በአነስተኛ ከተማ ሰው ስለሚተዋወቅ፣ የባለሥልጣን ወይም የገማች ቤት ዝቅ ብሎ መገመቱ ሳይታወቅ አይቀርም። ይህም የታክሱን ተቀባይነት ከማንኛውም ነገር በላይ ይጎዳል።

ሦስተኛው ቅሬታ የሚስተናገድበት ሥርዓት ነው። ገማቹ፣ ሰብሳቢውና ቅሬታ ሰሚው አንድ መሥሪያ ቤት ከሆኑ ቅሬታው ፍትሐዊ መልስ ያገኛል ብሎ መጠበቅ ያዳግታል። ቅሬታ ሰሚው አካል ከገቢ ዕቅድ ጋር ያልተያያዘ፣ ቦታውን በአካል ሄዶ የሚያይና በተወሰነ የጊዜ ገደብ በጽሑፍ ውሳኔ የሚሰጥ ሊሆን ይገባዋል። ዕቅድን ለማሟላት ሲባል ግምትን ማሳደግ ለአንድ በጀት ዓመት አኀዙን ሊያሳምር ይችል ይሆናል። በተከታዩ ዓመት ግን ውዝፍና ክርክር ሆኖ ይመለሳል።

አራተኛው ክለሳ ነው። ግምቱ በታወቀ የጊዜ ሰሌዳ በየጥቂት ዓመቱ ቢከለስና ጭማሪው በሂደት ተግባራዊ ቢሆን ነዋሪው ለመዘጋጀት፣ ከተማዋም ገቢዋን አስቀድማ ለማወቅ ትችላለች።

በአጠቃላይ የንብረት ታክስ ስኬት በፌዴራልም ሆነ በክልል ምክር ቤቶች በሚጸድቀው መጣኔ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሜትርና ቅጽ ይዞ ወደ ነዋሪው ደጃፍ የሚሄደው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ በሚሞላው መረጃ ትክክለኛነትም ይወሰናል። በመሆኑም ክልሎች ለአነስተኛ ከተሞች የገቢ ዕቅድ ከማውረዳቸው በፊት የሠለጠነ ገማች፣ የተሟላ ካርታና ነፃ ቅሬታ ሰሚ እንዲኖራቸው ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ይህ ሳይሟላ ወደ ክፍያ መግባት፣ በዳርቻው የሚኖረው አዛውንት ስለ ቤቱ ዋጋ የሚያነሣውን ጥያቄ የሚመልስለት ሳያዘጋጁ ሂሳቡን ብቻ እንደ መላክ ይቆጠራል።